ጥያቄና መልስ፦ የኩባንያው ጠበቃ የማን ጠበቃ ነው?

ጥያቄ፦ ቶኪዮ ነው የምኖረው። ከጃፓናዊ ሸሪኬ ጋር ከአገር ቤት ቡና የሚያስመጣ አክሲዮን ማኅበር አለን፤ ድርሻችን እኩል ነው፣ ሁለታችንም ዳይሬክተሮች ነን። ኩባንያው በየወሩ የሚከፍለው ቋሚ አማካሪ ጠበቃ አለው። በትርፍ አከፋፈል ስንጣላ ምክር የጠየቅሁት እሱን ነበር። አሁን ግን ድርሻዬን ለሸሪኬ እንድሸጥ በሸሪኬ ስም ደብዳቤ ላከልኝ። ይህን ማድረግ ይችላል?

መልስ፦ መጀመሪያ የጥብቅና ውሉን አውጥተው ደንበኛ ሆኖ የተጻፈው ማን እንደሆነ ይዩ። የተዋዋለው ኩባንያው ከሆነ ደንበኛውም ኩባንያው ነው፤ ዳይሬክተር ወይም ባለድርሻ መሆን ብቻውን የጠበቃው ደንበኛ አያደርግም።

የእርስዎ ጉዳይ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ስለ ጠቡ ያማከሩት ለራስዎ መብት ከሆነና እሱም ምክር ሰጥቶዎት ከሆነ፣ የጃፓን የጠበቆች ሕግ አንቀጽ 25 ቁጥር 1 በዚያው ጉዳይ ለሸሪክዎ እንዳይቆም ይከለክለዋል። ክፍያ አለመቀበሉ አያድነውም። አንዳንድ የጥቅም ግጭቶች በደንበኛ ፈቃድ ይታለፋሉ፤ ይህኛው ግን በፈቃድ ከሚታለፉት ውስጥ የለም።

ያማከሩት በዳይሬክተርነት፣ ስለ ኩባንያው ሥራ ብቻ ከነበረ ክርክሩ ይከብዳል። ያኔ የሚታየው ከሚያዝያ 1 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የጠበቆች የሥራ ደንብ አንቀጽ 28 ነው፤ የሁለት ደንበኞች ጥቅም ከተጋጨ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ድርሻዎን የሚገዛው በኩባንያው ገንዘብ ከሆነ የሸሪክዎና የኩባንያው ጥቅም ይለያያል። ሸሪክዎ ራሱ በኩባንያው ስም «ፈቅጃለሁ» ብሎ ቢፈርም ያ ፈቃድ አሳማኝ አይሆንም። በእኛ እምነት፣ እኩል ድርሻ ያላቸው ሁለት ሰዎች ሲጣሉ የኩባንያው ጠበቃ ለአንዳቸውም መቆም የለበትም።

አሁን የሚያደርጉት፦ ለዚህ ጠበቃ ስለ ጠቡ ከእንግዲህ አንድም ነገር አይንገሩት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በስልክ «ላስረዳው» ብሎ ነው። ምክር የጠየቁበትን ኢሜይልና የመለሰልዎትን በቀን ቅደም ተከተል ይሰብስቡ። ከዚያ ይዘቱንና ቀኑን ፖስታ ቤት በሚያረጋግጠው ደብዳቤ (ናይዮ ሾሜይ) ከጉዳዩ እንዲወጣ ይጠይቁት። የራስዎን ጠበቃ ሲይዙ፣ የሥራ ደንቡ አንቀጽ 52 ያለ በቂ ምክንያት እርስዎን በቀጥታ እንዳያነጋግር ያግደዋል። ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ተቃውሞዎን ሳይዘገዩ ያንሱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1963 እ.ኤ.አ. እንደወሰነው፣ እያወቀ ዝም ያለ ተከራካሪ ክርክሩ ከተዘጋ በኋላ ይህን ማንሳት አይችልም።

እምቢ ካለ፣ ለተመዘገበበት የጠበቆች ማኅበር የዲሲፕሊን አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ። ቶኪዮ ውስጥ 3 ማኅበራት ስላሉ የእሱ የትኛው እንደሆነ አስቀድመው ያረጋግጡ። ቅጣቱ ከወቀሳ ይጀምራል፤ እስከ 2 ዓመት እገዳ፣ ከማኅበሩ የመውጣት ትእዛዝና ስረዛም አለ። ድርጊቱ ካበቃ 3 ዓመት ካለፈ አቤቱታው አይታይም። ገንዘብ አያስመልስልዎትም፤ መሠረት የሌለው አቤቱታ ደግሞ አቅራቢውን ካሳ ሊያስከፍለው ይችላል። ስለዚህ ማስረጃው ሳይሟላ አይቸኩሉ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ እያለሁ ከጠበቃዬ ጋር የተጻጻፍኩት በሕግ የተጠበቀ ነበር። ጃፓን ውስጥ የምሠራበት ኩባንያ ከጠበቃው ጋር የሚጻጻፈውስ?

መልስ፦ በዚያው ልክ አይደለም። ጠበቃው በጃፓን የጠበቆች ሕግ አንቀጽ 23 ምስጢር የመጠበቅ ግዴታም መብትም አለው፤ በእጁ ያለውን የደንበኛ ምስጢር የያዘ ሰነድ በወንጀል ምርመራ እንዳይያዝ መቃወም ይችላል። ቅጂው በኩባንያችሁ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ግን ያ መብት በአጠቃላይ አይከተለውም። ጠባብ ልዩነት የመጣው ከታኅሣሥ 25 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ የንግድ ውድድር ኮሚሽኑ ካርቴልን (ተፎካካሪ ድርጅቶች ውድድርን ለመገደብ የሚያደርጉትን ስምምነት) በሚመለከት ሲመረምር፣ የኩባንያው ተቀጣሪ ካልሆነ ጠበቃ ጋር በምስጢር የተደረገ የምክር ልውውጥ በተወሰነ ሥርዓት ይጠበቃል። ለዚህም ሰነዱ ከመጀመሪያው «ከጠበቃ ጋር የተደረገ» ተብሎ ምልክት ሊደረግበትና ለብቻው ሊቀመጥ ይገባል። በደመወዝ ከተቀጠረ የኩባንያው ጠበቃ ጋር የሚደረገው ልውውጥ በመርሕ ደረጃ በዚህ ጥበቃ ውስጥ አይገባም።