መዳቡ የሚበላሸው ሲሠራ ሳይሆን ሲታጠብ ነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ አይቼው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የመዳብ ናኖፓርቲክል (በዓይን የማይታይ ደቃቅ ቅንጣት) ሠርተሽ ስትወጪ ወይን ጠጅ የመሰለ ቀይ ነበር፤ ጠዋት ስትመጪ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀሽ። «በምን ልሸፍነው?» ነው ያልሽው። እኔም እዚህ ሐዋሳ ለማስተርስ ቴሲሴ ዓመት ሙሉ ከዚሁ ቀለም ጋር ስታገል ነው የከረምኩት። ትንሽ ይረዝምብሻል፣ ታገሺኝ።

መሸፈኛው በኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ የት ላይ እንደሚበላሽ እንወቅ። እኔ ለወራት ፒቪፒውን (ቅንጣቶቹን የሚሸፍነውን ፖሊመር) ስጨምር ስቀንስ፣ ሙቀቱን ከፍ ዝቅ ሳደርግ ቆየሁ። ፍላስኩ ውስጥ ግን ችግር አልነበረም። መዳቡን ከጨዉ የሚያወጣው አስኮርቢክ አሲድ (ቫይታሚን ሲ) ተርፎ እስካለ ድረስ መዳቡ ደህና ነው። የሚሞተው ትርፉን ኬሚካል ለማስወገድ ስናጥበው ነው።

ሒሳቡን ልንገርሽ። በሐዋሳ ከፍታ ክፍት ቢከር ውስጥ ያለ ውሃ፣ በ25 ዲግሪ፣ በሊትር 7 ሚሊ ግራም የማይሞላ ኦክስጅን ይዟል። ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ወደ 27 ሚሊ ግራም መዳብ ወደ ጥቁሩ ኦክሳይድ ለመቀየር ትበቃለች። እኔ በአንድ ዙር የማገኘው ቢበዛ 64 ሚሊ ግራም ነበር። ሦስት ጊዜ በ200 ሚሊ ሊትር ሳጥበው ሩቡን በማጠቢያ ውሃው ብቻ ላበላሸው እችል ነበር ማለት ነው። የሴንትሪፊውጁ (ቅንጣቱን አሽከርክሮ የሚያዘቅጠው ማሽን) ቱቦ በተከፈተ ቁጥር የሚገባውን አየር አልቆጠርኩም።

ድፍን መዳብ እንዲህ አይደለም። አንድ ግራም መዳብ ኩብ ቢሆን የገጹ ስፋት 1.4 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል። ያንኑ ግራም 10 ናኖሜትር በሆኑ ቅንጣቶች ስትበትኚው 67 ካሬ ሜትር ይሆናል። የአንድ ኮንዶሚኒየም ቤት ወለል ማለት ነው፤ ሁሉም ለአየር የተጋለጠ።

ታዲያ ምን ቀየርኩ? ውሃውን 20 ደቂቃ አፈላዋለሁ። እዚህ ውሃ 95 ዲግሪ ሳይሞላ ነው የሚፈላው፤ ግድ የለም፣ ጋዙ ይወጣል። በትኩሱ ሙቀት በሚችል ጠርሙስ እስከ አፉ እሞላና ከድኜ አቀዘቅዘዋለሁ። ከዚያ በሊትር 1 ግራም አስኮርቢክ አሲድ እጨምርበታለሁ። ጁስ ቤት የተቆረጠ አቮካዶ እንዳይጠቁር ሎሚ ሲጨምቁበት አይተሽ የለ? ኦክስጅኑ መዳቡን ሳያገኝ አስኮርቢክ አሲዱ ይቀድመዋል። ይህን ካደረግኩ በኋላ ቀዩ ቀለም ከአንድ ሌሊት ወደ ሳምንታት ተሻገረ። ፒቪፒው ያው ነው፣ ምንም አልነካሁትም።

ኢታኖል ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ውሃ ስለሌለው ይጠብቃል» ይባላል። ኢታኖል ግን ከውሃ ይልቅ ብዙ እጥፍ ኦክስጅን ያሟሟል። ናይትሮጅን ወይም አርጎን ሳታሳልፊበት አትጠቀሚው። ናይትሮጅን ሲሊንደር ከሌለሽ አርጎን ብየዳ የሚሠሩ ልጆች ጋ ሂጂ፤ እኔ ፊኛ ይዤ ነበር የምሄደው። አሉሚኒየም የሚበይዱበትን ንጹሕ አርጎን ጠይቂ፤ ለብረት የሚሆነው ብዙ ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተቀላቀለበት ነው። አርጎን ከአየር 1.4 እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ ቫያሉ (ትንሿ የናሙና ጠርሙስ) ውስጥ ፈሳሹ ላይ ይተኛል። ቫያሉን ደግሞ እስከ አፉ ሙዪው። እናቶቻችን ቆጮን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው፣ ድንጋይ ጭነው የሚቀብሩት ለአየር ቦታ ላለመተው አይደል?

ስለ ማድረቅ አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ካልተገደድሽ አታድርቂው። አንድ ጊዜ ቫኩም ኦቨን ውስጥ 60 ዲግሪ ላይ አስቀምጬ ወደ ቤት ሄድኩ። ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ፓምፑ ቆመ፤ አየር ገባ። ጠዋት ስከፍተው ከሰል የመሰለ ብናኝ ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ የደረቀ ናሙና ለኤክስአርዲ (የነገሩን ምንነት በኤክስሬይ የሚለይ ምርመራ) ሌላ ከተማ በአውቶቡስ ላክሁ። ወረፋው ደርሶት እስኪለካ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ውጤቱ ሲመጣ 43.3 ዲግሪ አንግል ላይ ያለው የመዳብ ፒክ (ጉብታ) ደክሞ፣ 36.4 ላይ የኩፕረስ ኦክሳይድ ፒክ ጎልቶ ቆሟል። ያን ቀን በጣም ነው ያዘንኩት። ከዚያ ወዲህ እንደ ሊጥ እርጥብ አድርጌ፣ አርጎን ባለፈበት ኢታኖል ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ለኤክስአርዲ በግሊሰሮል ለውሼ እቀባዋለሁ። ዩቪ-ቪዙን (ናሙናው የሚውጠውን ብርሃን) በዚያው ቀን ለኪ፤ ከ560 እስከ 600 ናኖሜትር ያለው ፒክ እየተንሸራተተ ከጠፋ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግሽም።

አሁን ወደ መሸፈኛው። ፒቪፒ ቅንጣቶቹ እንዳይጣበቁ ነው በዋናነት የሚረዳሽ፤ ኦክስጅን ያዘገያል እንጂ አያግድም። ቤንዞትራያዞል መዳብን አጥብቆ ይይዛል፤ ሙዚየሞች የነሐስ ቅርስ የሚያክሙበት ነው። ግን ገጹን ስለሚዘጋው ለካታሊስት (የኬሚካል ለውጥ ማፋጠኛ) አይሆንሽም። እ.ኤ.አ. በ2020 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው የሶዲየም ፎርሜት ዘዴ በጣም ነው ያስደሰተኝ፤ ውድ ነገር አይፈልግም፣ የተዘጋ ዕቃና ሙቀት ነው። በብር መሸፈንም ይሠራል፣ ኪስሽ ከቻለ።

ሲሊካ ላይ ግን ተጠንቀቂ። መዳቡን በሲሊካ ለመሸፈን እንደ ተለመደው የስቶበር አሠራር አሞኒያ ጨመርኩ፤ ጥቂት ቆይቶ ፍላስኩ ሰማያዊ ሆነ፣ ጥልቅ ሰማያዊ። አሞኒያ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሆኖ መዳቡን አሟሙቶት ነበር። ልሸፍነው ብዬ በላሁት። አሠራሩ ለወርቅ ጥሩ ነው፤ ለመዳብ በአሞኒያው ፋንታ ሌላ ቤዝ ፈልጊ፣ አየሩንም አውጪ።

የሽፈራው ወይም የግራዋ ቅጠል ጭማቂ «ይጠብቀዋል» ለሚሉሽም ልመልስ። ቅጠል ብርን ከጨዉ በቀላሉ ወደ ንጹሕ ብርነት ይቀይራል፤ የብር ፖቴንሺያል (ከፍ ሲል መቀየሩ ይቀላል) 0.80 ቮልት ነው። የመዳብ 0.34 ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ በቅጠል «መዳብ» ተብሎ የሚወጣው ኦክሳይድ ነው። ኤክስአርዲ ሳታዪ ስም አትስጪው። ለባክቴሪያ ሙከራ ከሆነ ደግሞ ኦክሳይዱም ባክቴሪያ ይገድላል፤ ስሙን በትክክል ጻፊው እንጂ መደበቅ አያስፈልግም።

አስተያየት ላይ ስለ ብረት የጠየቀው ወንድሜ፣ ያንተ ከመዳብ ይብሳል። የደረቀ የብረት ናኖ ብናኝ አየር ሲያገኝ ይቀጣጠላል። የማጣሪያ ወረቀት ላይ ያለ ብናኝ በስፓቱላ ስነካው ፍም ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። አየሩን በሰዓታት ቀስ እያልክ አስገባ፤ ጥቂት ናኖሜትር የሆነ የኦክሳይድ ቅርፊት ይሠራና ውስጡን ይጠብቀዋል። ውሃ ውስጥ አድርገህ ጥብቅ አድርገህ አትክደነው፤ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል።

እህቴ፣ ያንን አረንጓዴውን አትድፊው። ዩቪ-ቪዝ ላይ አስገቢውና ኩርባውን እዚህ ለጥፊልን። ለምን እንደምትፈልጊውም ጻፊልን፤ ለማተሚያ ቀለም ነው፣ ለካታሊስት ነው ወይስ ለባክቴሪያ? መሸፈኛውን የምንመርጠው ከዚያ በኋላ ነው።