ጎንደርን ከጎርጎራ ጀምሩ፦ ለጠያቂዎቼ መልስ

ባለፈው ሰሞን «ጎንደር ልትመጡ ካሰባችሁ መጀመሪያ ጣና ሐይቅ ዳር፣ ጎርጎራ ውረዱ» ብዬ ብጽፍ ጥያቄው ዘነበብኝ። ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ፣ እንግዳ ሳዞር ብዙ ዓመት የከረምኩ ሰው ነኝ። የማውቀውን እነሆ።

ጋሼ፣ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከፋሲል ግንብ ነው። እርስዎ ሐይቁን ለምን ያስቀድማሉ?

ነገሩ የተጀመረው ሐይቁ ዳር ነዋ! አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት አባታቸው አፄ ሱስንዮስ ጎርጎራ ላይ ከትመው ነበር። ካቶሊኩ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ የተወዳጃቸው ያን ጊዜ ነው። ንጉሡ ሃይማኖት ለወጡ፣ አገር ተነሣ፣ ደም ፈሰሰ፤ በመጨረሻ በ1624 ዓ.ም. የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። ፓኤዝ ይህን መጨረሻ አላየም። በ1614 ዓ.ም. ሞቶ እዚያው ጎርጎራ ተቀብሯል።

ከዛሬዋ ከተማ ወደ ምዕራብ ራቅ ብሎ፣ ሐይቁ ዳር፣ ማርያም ግንብ የሚባል የሱስንዮስ ዘመን ፍርስራሽ አለ። ቅርስ ወዳድ ነኝ የሚል ሰው ያንን ድንጋይና ኖራ ሳይዳስስ ባይመለስ ደስ ይለኛል። በማግስቱ ፋሲል ግንብ ፊት ስትቆሙ ግንቡ ከሰማይ ዱብ እንዳላለ ይገባችኋል። ደግሞ መንገዱን እዩት፦ ከጎርጎራ በቆላ ድባ፣ ከዚያ በአዘዞ ነው ጎንደር የሚገባው። አዘዞ ገነተ ኢየሱስ ላይ ደግሞ ሱስንዮስ ተቀብረዋል። ከአባትየው ከተማ ተነሥታችሁ፣ መቃብራቸውን አልፋችሁ፣ ልጅየው ቤት ትደርሳላችሁ።

ስንት ኪሎ ሜትር ነው? መንገዱስ ሰላም ነው?

60 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ሚኒባስ አለ። ስለ ሰላሙ ግን በዛሬ ወሬ ነገ አትንቀሳቀሱ። በዋዜማውም በማለዳውም ሾፌሮቹን ጠይቁ፤ «ዛሬ ይቅር» ካሏችሁ ይቅር።

ሴት ነኝ። ገዳማቱ ያስገቡኛል?

ደብረ ሲና ማርያም ትገቢያለሽ እህቴ፤ ጎርጎራ ላይ ዋናውም እሱ ነው። ክብ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ውስጡ በ17ኛው መቶ ዓመት ሥዕል ተሞልቷል። አትቸኩዪ። ዓይንሽ ጨለማውን እስኪለምድ ቆመሽ ጠብቂ፣ ያን ጊዜ ቅዱሳኑ አንድ በአንድ ከግድግዳው ይወጣሉ። ማንድባ መድኃኔዓለም ግን የወንዶች ብቻ ነው። ባለቤትሽ ሲገባ አንቺ ጀልባው ላይ ወፎቹን ታያለሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ብዙ ጊዜ የተሻለውን ያየችው ጀልባ ላይ የቀረችው ናት።

ልጆቼ ሐይቁ ውስጥ ቢዋኙስ?

አይሆንም። ጣና ላይ ቢልሃርዚያ አለ፤ ዳር ዳር ባለው ውኃ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በቆዳ ነው የሚገባው፣ ምልክቱም ቶሎ አይታይም። ጉማሬም አለ። የአካባቢው ልጆች ሲንቦጫረቁ አይታችሁ አትታለሉ።

ምሳ ምን ይገኛል?

ዓሣ ነዋ! ቆሮሶ ጥብስ፣ ከሎሚና ከሚጥሚጣ ጋር። አምባዛም አለ፤ እኔ አልወደውም። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየንስሐ አባታችሁ ትቼዋለሁ።

ለጎንደር ያለኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ምን ልይ?

ጠዋት የነገሥታቱን ግቢ። በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የፋሲልን ግንብ ብቻ ፎቶ አንስተህ አትውጣ። እያንዳንዱ ንጉሥ የአባቱን ቤት አልወርስም እያለ የየራሱን ስለሠራ፣ ግቢው የአንድ ቤተሰብ አልበም ይመስላል፦ የቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የታላቁ ኢያሱ ግንብ፣ የበካፋ፣ የእቴጌ ምንትዋብ። ኢያሱ ግንብ ላይ የምታየው ጉዳት ሁሉ የዘመን ብዛት አይደለም። ጣሊያን ግቢውን ጦር ሰፈር ስላደረገው እንግሊዝ በአውሮፕላን ደብድቦታል፤ ጎንደር ነጻ የወጣችው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው።

ከሰዓት ደብረ ብርሃን ሥላሴ። በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ይህን ቤተ ክርስቲያን እንዳይነኩ ንብ ከለከላቸው ይላሉ አባቶች። ገብተህ ቀና በል፤ ጣሪያው ሙሉ የመላእክት ፊት ነው፣ የትም ብትቆም ያዩሃል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ቁስቋም ውጣ። ጎብኚ የማይበዛበት፣ ምንትዋብ ከከተማው ግርግር የሸሹበት ተራራ ነው። ፒያሳ ቡናህን ስትጠጣ የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎቹን ታያለህ፤ ለብቻው ጊዜ አይፈልግም።

እናቴን ለጥምቀት ላመጣት አስቤያለሁ፤ ጉልበቷን ያማታል።

ጎሽ፣ ተመረቅ! ግን ጥር 11 ቀን ፋሲል መዋኛ ግፊያው ለጉልበተኛም ይከብዳል። ውኃው ከቀሃ ወንዝ ተስቦ የሚሞላው ቀደም ብሎ ስለሆነ በዋዜማው ጠዋት አምጣት፤ ገንዳውንና ቅጥሩ ላይ ተጠምጥመው የበቀሉትን የዛፍ ሥሮች ተረጋግታ ታያለች። ታቦታቱ ሲወርዱ መንገድ ዳር ወንበር ላይ ትቀመጥ። ጎንደር ላይ ለእናት ወንበር የሚነፍግ ሱቅ የለም። አልጋ ግን አሁኑኑ ያዝ።

ጎርጎራ በክረምት ይሻላል?

የደምቢያን ጭቃ ካልፈራህ። እኔ ጥቅምትና ኅዳርን እመርጣለሁ፤ ሜዳው ጤፍ ነው፣ ሐይቁም ጥርት ይላል፣ እምቦጩ ከፈቀደ።

የጀልባ ዋጋ የጠየቃችሁኝ ሁለት ሰዎች፦ ከመሳፈራችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ መመለሻውንም ጨምራችሁ።