ተምቹ ታፍኖ ነው የሞተው ታሞ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ቦርከና ዳር በቆሎ ዘርቻለሁ። ሰሞኑን ተምቹ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ሞቶ ነው ማገኘው፣ ስነካው ይፈርጥና የሚሸት ቡናማ ውሃ ይወጣዋል። መድሃኒት አልረጨሁም። ጎረቤቴ ዝናቡ አፍኖት ነው ይላል፣ የግብርና ባለሙያው ቫይረስ ነው አለኝ። ተምች ሳንባ አለው እንዴ? ዶሮዎቼስ ቢለቅሙት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንደነገርከኝ ከሆነ ባለሙያው ልክ ሳይሆን አይቀርም። ከባድ ዝናብ ትናንሾቹን ይገድላል፣ ግን ጫፍ ላይ አውጥቶ አይሰቅልም፣ እንደዛ ሚያደርገው ባኩሎቫይረስ ሚባለው ነው።

ሳንባ የለውም። ተለቅ ያለውን ይዘህ ጎኑን እየው፣ በግራም በቀኝም 9 9 ነጠብጣብ የመሰሉ ቀዳዳዎች አሉ፣ ከነሱ የሚነሱት ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ለውስጥ እየተከፋፈሉ አየሩን ቀጥታ ጡንቻው ጋ አንጀቱ ጋ ያደርሳሉ፣ ደሙ ኦክስጅን ማመላለስ ስራው አይደለም።

ቫይረሱ ግን በቀዳዳዎቹ አይደለም ሚገባው፣ ከቅጠል ጋር ተበልቶ ነው። በፕሮቲን ተጠቅልሎ ነው ሚቀመጠው፣ የተምች አንጀት ደግሞ እንደኛ ጨጓራ አሲድ ሳይሆን አልካላይን ስለሆነ ጥቅልሉ እዛ ይሟሟና ቫይረሱ የአንጀቱን ሴል ይይዛል። ከዛ መውጣት ይከብደዋል፣ አንጀቱን ዙሪያውን የሸፈነ ጠንካራ ስስ ሽፋን አለ። እኔን ሁሌ ሚገርመኝ እዚህ ጋ ነው፦ የአየር ቱቦዎቹ ሽፋኑን አልፈው ስለሚገቡ ከኮምቦልቻ ደሴ ለመውጣት የሐረጎን መንገድ እንደምትይዘው እሱም የቱቦዎቹን ግድግዳ ሴሎች እየያዘ መላ ሰውነቱን ያዳርሳል፣ በአየሩ ውስጥ ሳይሆን በግድግዳው።

ታዲያ ታፍኖ ሞተ ይባላል? ብቻውን አይባልም። ቱቦው ይጎዳል፣ ግን ስቡም ቆዳውም አብሮ ነው ሚፈርሰው፣ ቫይረሱ ራሱ ሰውነቱን ሚያሟሙ ኢንዛይሞች ያሰራል፣ ያየኸው ውሃ ያ ነው። ጫፍ ላይ መውጣቱ ደሞ ለተምቹ ምንም አይፈይድም፣ ሚጠቅመው ቫይረሱን ነው፣ ከላይ የፈሰሰው ታች ቅጠል ላይ ይንጠባጠብና ሌላው ተምች ይበላዋል።

ስለዚህ የሞቱትን ለቅመህ እንዳታቃጥል፣ ተዋቸው። ፀሐይ ቫይረሱን ቶሎ ይገድለዋል፣ ጥላ ያለበት ቅጠል ላይ ግን ይቆያል። ሰው፣ ከብት፣ ዶሮ አይዝም፣ ዶሮዎችህን ምከለክልህ ጎረቤትህ ኬሚካል ከረጨ ብቻ ነው።