በፈቃደኝነት የሚሰጥ የምግብ ደኅንነት እውቅና

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ሐይቅ አቅራቢያ የዓሣ ምግብ ቤት አለኝ። በውጭ አገር የምግብ ደኅንነትን በሚገባ የሚጠብቁ ምግብ ቤቶች ራሳቸው አመልክተው፣ ተመዝነው እውቅና እንደሚያገኙ ሰማሁ። አሠራሩ እንዴት ነው? በከተማችን ቢጀመር ብቁ ለመሆን ከአሁኑ ምን ላድርግ?
ባለ ምግብ ቤት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ማንም ሳያስገድድዎ ይህን መጠየቅዎ አስደስቶናል። እውቅናው ከግዴታ ቁጥጥር የተለየ መሆኑን አስቀድመን እንግለጽ። ቁጥጥሩ ሕግ ያስቀመጠውን ዝቅተኛ መስፈርት ይመለከታል፤ በአገራችንም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ስላለ እውቅና ያገኘም ሆነ ያላገኘ ምግብ ቤት ከዚህ ኃላፊነት ነጻ አይሆንም። በስኮትላንድ የሚሠራበት ‹‹ኢትሴፍ›› የተባለው እውቅና ግን ከሕጉ ግዴታ አልፈው ለሚሄዱ ብቻ የሚሰጥ ሲሆን፣ የሚመዝኑትም የየአካባቢው መስተዳድር ተቆጣጣሪዎች ናቸው።

በአሜሪካ አንዳንድ የአካባቢ ጤና መምሪያዎች በሚሰጡት እውቅና ውስጥ የምናደንቀው አንድ ነገር አለ። የሚመዘነው ተቆጣጣሪው በመጣበት ዕለት ወለሉ መታጠቡ ሳይሆን፣ የቤቱ ኃላፊ በምግብ ለሚመጣ በሽታ ዋና መንስኤ የሆኑትን አምስት ነገሮች በየዕለቱ መቆጣጠሩ ነው፤ እነርሱም ካልታመነ ምንጭ የተገዛ ምግብ፣ በቂ ያልሆነ አበሳሰል፣ ተገቢ ባልሆነ የሙቀት መጠን ማቆየት፣ የተበከለ ዕቃ እና የሠራተኞች የግል ንጽሕና ጉድለት ናቸው። በአንድ ቀን ጽዳት የሚገኝ እውቅና ተመጋቢውን ያዘናጋል እንጂ አይጠብቀውም ብለን እናምናለን።

ፈቃደኝነት የራሱ ድካም እንዳለውም መታወቅ አለበት። በእንግሊዝ ምግብ ቤቶች ከ0 እስከ 5 የንጽሕና ደረጃ ቢሰጣቸውም ውጤቱን በር ላይ የመለጠፍ ግዴታ ስለሌለባቸው ዝቅተኛ ደረጃ ያገኘ ቤት ዝም ማለት ይችላል፤ ዌልስ ግን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ መለጠፉን ግዴታ አድርጋለች። በሐዋሳ የሚጀመር ካለም የጊዜ ገደብ ያለው፣ በድጋሚ ምዘና የሚታደስ እና ጉድለት ሲገኝ የሚነጠቅ እንዲሆን እንመኛለን።

ወደ እርስዎ ወጥ ቤት ስንመለስ፣ ትልቁ ሥራ ያለው ዓሣው ላይ ነው። ከአሞራ ገደል ማለዳ የተገዛ ቆሮሶ ወይም አምባዛ በሐዋሳ ሙቀት በፍጥነት ስለሚበላሽ፣ ከአጥማጁ እጅ ጀምሮ በበረዶ ተይዞ ሊጓዝና ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ፍሪጅ ሊቀመጥ ይገባል። ሲበስል የውስጡ ሙቀት ቢያንስ 70 ዲግሪ መድረሱን በምግብ ቴርሞሜትር ያረጋግጡ፤ ሾርባውና ጉላሹም እስኪቀርብ ድረስ ከ60 ዲግሪ በላይ እንደሞቀ ይቆይ። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል። የተረፈውን በትልቅ ድስት እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ግን መሃሉ ለረጅም ሰዓት ለብ ብሎ እንዲቆይ ስለሚያደርግ፣ ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ከፋፍሎ ማቀዝቀዝ ይሻላል።

ጥሬ ዓሣ የሚያቀርቡ ከሆነ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልግዎታል። ሎሚና ሚጥሚጣ ጣዕም ይሰጣሉ እንጂ በዓሣ ሥጋ ውስጥ ያሉ ጥገኛ ተውሳኮችን ይገድላሉ ተብሎ ሊታመንባቸው አይገባም። የአሜሪካ የምግብ መመሪያ ጥሬ የሚበላ ዓሣ በ-20 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ለ7 ቀናት እንዲቀዘቅዝ ያዛል። ይህን የሚችል ማቀዝቀዣ ከሌለዎት አብስለው ብቻ ቢያቀርቡ እንመርጣለን። ጥሬውን የቆረጠ ቢላዋና መክተፊያ ሳይታጠብ ለሰላጣ እንዳይውል ደግሞ ለየብቻ ይመድቡላቸው።

የሠራተኞችዎ የጤና ምርመራ ካርድ የታደሰ ይሁን፤ ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው ሠራተኛ ደመወዙ እንደማይቆረጥ ካላወቀ ሕመሙን ደብቆ ስለሚሠራ፣ ይህን አስቀድመው ቃል ይግቡለት።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ደብተር ይክፈቱ። የፍሪጁ ሙቀት ጠዋትና ማታ፣ ዓሣው የተገዛበት ሰዓትና የሻጩ ስም፣ የተወገደ ምግብና የተወገደበት ምክንያት በየዕለቱ ይጻፍበት፤ የጻፈውም ሰው ይፈርም። የጤና ተቆጣጣሪ ሲመጣ ደብተሩን ያሳዩት፤ ያገኘውንም ጉድለት በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁት። እውቅናው ቢጀመር አመልካች የሚጠየቀው ማስረጃ ከዚህ ብዙም የሚርቅ አይሆንም።