ኤሌክቶራል ድምፁን የሚያከፋፍለው ስቴታችሁ ነው

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖቼ፣

«እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው፤ ማን እንደሚያሸንፍ የታወቀ ነው፤ መረጥኩ አልመረጥኩ ምን ይለውጣል?» ሲባል ቡና ላይ ስንቴ ሰማሁ። የዳላሶቹም ይህንኑ ይላሉ። እውነት አላቸው። በ48 ስቴቶችና በዲሲ፣ በጥቂት ድምፅም ቢሆን የበለጠው ዕጩ ኤሌክቶራሉን፣ ማለትም ስቴቱ ፕሬዝዳንት የሚመርጥበትን ድምፅ፣ ጠቅልሎ ይወስዳል። እኛ ጆርጂያ በ2020 ልዩነቱ 11,779 ድምፅ ነበር፤ 16ቱም ኤሌክቶራል ግን ለአንዱ ሆነ።

ይህን ሕገ መንግሥቱ አላዘዘም። አሰጣጡን የሚወስነው የየስቴቱ ምክር ቤት ነው። ሜይንና ነብራስካ ሁለቱን ድምፅ ስቴቱን ላሸነፈ፣ የቀረውን በየኮንግረስ ወረዳው ላሸነፈ ይሰጣሉ። ይህ መንገድ አይጥመኝም፤ የወረዳውን ድንበር ፖለቲከኞች እንደሚመቻቸው ያሰምሩታልና። የምደግፈው ሜሪላንድ በ2007 ከሁሉ ቀድማ የገባችበትን ስምምነት ነው። የገቡት ስቴቶች ኤሌክቶራል ድምፅ ተደምሮ ፕሬዝዳንት ለማስመረጥ የሚበቃውን 270 ሲሞላ፣ ሁሉም ኤሌክቶራላቸውን በመላው አገር ብዙ ድምፅ ላገኘው ይሰጣሉ። ያኔ የሲልቨር ስፕሪንጉም የዳላሱም ሰው ድምፅ እኩል ይመዝናል። ኔቫዳ በ2019 ወደዚህ ስምምነት የሚያስገባት ሕግ ምክር ቤቱን አልፎ አገረ ገዥው ውድቅ አደረጉት። ቬጋስ ያ ሁሉ አበሻ እያለ፣ ስንቶቻችን ሰማን?

እኔም አልሰማሁም። በ2020 ስመርጥ ስክሪኑ ላይ የፕሬዝዳንቱን ስም ነክቼ የቀረውን እያለፍኩ ጨረስኩ። ማሽኑ ያተመልኝ ወረቀት ላይ ከፕሬዝዳንቱ በታች ያለው ሁሉ ባዶ ነበር፤ የስቴቱ ምክር ቤት ዕጩዎችም እዚያው ነበሩ። ዛሬም ይቆጨኛል። እናንተ ከቤት ሳትወጡ የዕጩዎቹን ስም አጣሩ። ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ የስቴታችሁ ምክር ቤት የሚመረጠው ከፕሬዝዳንቱ ሁለት ዓመት ተለይቶ ነውና ያንን ቀን እንዳትረሱ።

ግሪን ካርድ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ «በመራጭነት መመዝገብ እፈልጋለሁ» የምትለዋን ሳጥን እንዳትነኳት፤ ዜጋ ሳይሆኑ መምረጥ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል። ለስቴታችሁ ተወካይ ደውሎ «በኤሌክቶራል አሰጣጡ ላይ አቋምዎ ምንድን ነው?» ማለት ግን ዜግነት አይጠይቅም። ስትደውሉ የምትኖሩበትን አድራሻ ንገሯቸው፤ የወረዳቸው ነዋሪ መሆናችሁን ይወቁ።