ነጭ ዝንብ መድኃኒት ሲለምድ

ጥያቄ፦ ግሪንሃውስ ውስጥ ቲማቲም አለማለሁ። ነጭ ዝንብን በኢሚዳክሎፕሪድ እቆጣጠር ነበር፤ አሁን መጠኑን እጥፍ ባደርገውም አልሞት አለኝ። በአሴታሚፕሪድ፣ ቀጥሎም በታያሜቶክሳም ቀየርኩት፤ ለውጥ የለም። መድኃኒቶቹ ተበላሽተው ይሆን?

መልስ፦ የቀየሩት ስሙን ነው። ሦስቱም ነፍሳትን የሚገድሉበት መንገድ አንድ፣ በዚህ መንገድ የሚሰጣቸው የምድብ ቁጥርም አንድ፣ 4ኤ ነው። አንዱን የለመደ ነጭ ዝንብ አብዛኛውን ጊዜ ሌሎቹንም ይቋቋማል። ሲገዙ ከንግድ ስሙ ይልቅ እሽጉ ላይ የተጻፈውን የምድብ ቁጥር ይዩ። መጠን መጨመሩንም ይተዉት፤ ደካሞቹ ያልቃሉ፣ ጠንካሮቹ ለዘር ይቀራሉ። ግሪንሃውስ ዝግ ስለሆነ መድኃኒት ያልለመደ ዝንብ ከውጭ ገብቶ ዘሩን አያለዝበውም።

ግን ጥፋቱ የርጭቱም ሊሆን ይችላል። ነጭ ዝንብ እንቁላል የሚጥለው፣ ዕጩም ተጣብቆ የሚመጠው ቅጠል ጀርባ ላይ ነው። ውሃ ሲነካው ቀለሙ የሚቀየር ወረቀት በታችኞቹ ቅጠሎች ጀርባ ያያይዙና ይርጩ። ወረቀቱ ነጠብጣብ ካልያዘ መድኃኒቱን አይውቀሱ፤ ኖዝሉን (የመርጫውን አፍ) እና የሚረጩበትን አቅጣጫ ያስተካክሉ።

ርጭቱ ደህና ከሆነ ንጹህ ቅጠሎች ይቁረጡ። ግማሹን እሽጉ በሚያዘው መጠን በተበጠበጠ መድኃኒት፣ ግማሹን በውሃ ብቻ ነክረው ያድርቁ። አፋቸው በስስ ጨርቅ በታሰረ ብልቃጦች ለየብቻ አድርገው በእያንዳንዱ 20 ያህል ዝንብ ያስገቡና ከ48 ሰዓት በኋላ ይቁጠሩ። መድኃኒት በነካው ቅጠል ላይ አብዛኞቹ በሕይወት ካሉ ለምደውታል። በውሃው ላይም ከ5 አንዱ በላይ ከሞተ ሙከራውን ይድገሙ።

ከዚያ 4ኤን ያሳርፉ። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ከእንቁላል እስከ ጎልማሳ 3 ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ አንድ ምድብ ብቻ፣ በቀጣዩ 3 ሳምንት ሌላ ይጠቀሙ፦ ለምሳሌ ስፓይሮሜሲፈን (ምድብ 23)፣ ከዚያ ሳያንትራኒሊፕሮል (28)፣ ለቲማቲም የተፈቀዱ ከሆኑ። በየርጭቱ ምድብ ማቀያየር ብልሃት ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ ትውልድ ሁሉንም ይቀምስና ሁሉንም የሚቋቋም ዘር ይመረጣል። ፒሪፕሮክሲፈን (7ሲ) ከመረጡ ጎልማሳው ሲበር ቢያዩት አይደንግጡ፤ ሥራው እንቁላሉ እንዳይፈለፈልና ዕጩ ጎልማሳ እንዳይሆን ማድረግ ነው።

ጥያቄ፦ ቅጠል ለሚያጠቃው ጥቃቅን ነፍሳት፣ ለትሪፕስም እንዲሁ ነው?

መልስ፦ አሠራሩ ያው ነው፤ ትውልዱ ግን በዚያው ሙቀት 2 ሳምንት ገደማ ስለሆነ ምድቡም ቶሎ ይቀየራል። እንቁላሉ ቅጠሉ ሥጋ ውስጥ፣ ከጎልማሳነቱ በፊት ያለው ደረጃው ደግሞ በአብዛኛው አፈር ውስጥ ስለሚደበቅ አንድ ርጭት አይበቃውም። እሽጉ የሚፈቅደው ከሆነ በዚያው ምድብ ከ5 ቀን በኋላ ይድገሙት።