ልጄን ወደ ቶሮንቶ ልላካት ወይ ላሉ እናት

ሰላም እናቴ። ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅዎ እስራኤል ጦር ሠራዊት ከመግባቷ በፊት በሶኽኑት (በአይሁድ ኤጀንሲ) በኩል ለአንድ ዓመት ቶሮንቶ ልታገለግል ነው። እርስዎ ደግሞ «በነጭ አይሁዶች መካከል ልጄ ብቻዋን ምን ትሆናለች? እንደ ልጃቸው ያዩዋታል ወይስ እንደ እንግዳ?» ብለዋል። እኔም እዚያው ከተማ ሺንሺኒት (ከጦሩ በፊት የአንድ ዓመት አገልግሎት የምትሰጥ ወጣት) ሆኜ ዓመቱን ጨርሼ ነው የመጣሁት። የሆነውን እንደሆነው ልንገርዎ።

ከጎንደር ወደ እስራኤል የመጣሁት በ9 ዓመቴ ነው። ያደግኩት ረሖቮት፣ ክርያት ሞሼ ነው። ከዚያ በፊት ከእናቴ ቤት ውጭ አድሬ አላውቅም ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያውን ሰንበት አልደብቅዎትም። ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ቤተ ክኔሴት (የአይሁድ ጸሎት ቤት) ሄድን። ጥበቃው እሷን ሰላም ብሎ አሳለፋት። እኔን አስቆመኝ። ማን እንደላከኝ፣ ለምን እንደመጣሁ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ውስጥ ደግሞ አንዲት ሴትዮ «ወደ አይሁድነት የገባሽው መቼ ነው?» አለችኝ። ያን ሌሊት ሳለቅስ አደርኩ። እሁድ ለአስተባባሪያችን ነገርኳት። በሚቀጥለው ሰንበት የቤተ ክኔሴቱ ኃላፊ ራሱ በር ላይ ቆሞ ተቀበለኝ። ልጅዎን አጥብቀው ይንገሯት፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማት ዋል አደር ሳትል ትናገር። እኛ ችሎ ማለፍ ለምዶብናል። እዚያ ግን ካልነገሯቸው አያውቁም።

ያልጠበቅኩት ነገርም ነበር። እዚህ አገር «ኢትዮጵያዊቷ» ነኝ። እዚያ ትምህርት ቤት ግን ልጆቹ «እስራኤላዊቷ መጣች!» እያሉ ይሮጡብኝ ነበር። ምንም ሳይጨመርበት እስራኤላዊት ስባል ያ የመጀመሪያዬ ነው። ደስታው እስካሁን አለቀቀኝም።

ስለ ቤተሰቦቹ ላውራዎት። በዓመቱ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ቤተሰብ ጋር ነው የምትኖረው። አንዱን ስትለምድ ሻንጣ መሸከፍ ይመጣል፤ ይሄ ይከብዳል። እኔን የተቀበሉኝ ሁሉ ደጎች ነበሩ። ግን ለብዙ ጊዜ እንግዳ ነበርኩ። ምግብ ይቀርብልኛል። ሳህን ላነሳ ስል «ተዪው፣ አንቺ ተቀመጪ» ይሉኛል። ሳህን የማያነሳ ሰው ደግሞ የቤት ልጅ አይሆንም።

የተለወጠው በለቅሶ ነው። ጥር ውስጥ፣ በረዶው በከበደበት ሰሞን፣ የሁለተኛው ቤተሰቤ እናት አባቷ አረፉ። እዚያ በሺቫው (በሰባቱ የሐዘን ቀናት) ሰው ማታ ለጸሎት ይመጣል፤ ምግብ ያስቀምጣል፣ ትንሽ ተቀምጦ ይሄዳል። ጠዋት ቤቱ ጭር ይላል። ዝቅ ባለች ወንበር ላይ ብቻዋን ቁጭ ብላ አየኋት። እርስዎ ያውቁታል፤ እኛ ቤት ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። ከትምህርት ቤቱ አስፈቀድኩና አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እንግሊዝኛዬም ያን ያህል አልነበረም፣ ብዙ አላወራሁም። በሕጋችን ሥጋና ወተት ስለማይቀላቀሉ የሥጋውን ዕቃ በሥጋው፣ የወተቱን በወተቱ ማጠቢያ አጥባለሁ። ሻይ አፈላለሁ፣ በር እከፍታለሁ። ሐዘኑ እስኪነሳ እንዲሁ ዋልኩ።

በሦስተኛው ቀን ስለ አባቷ ታጫውተኝ ጀመር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከፖላንድ መጥተው ስፓዳይና በሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እኔም አያቴ ጎንደር ሸማኔ እንደነበሩ ነገርኳት። እጄን ይዛ ብዙ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ «ተዪው» የሚለኝ ጠፋ። «ነይ ሽንኩርቱን ክተፊ» ትለኛለች። ሳመሽ ትቆጣኛለች። ለእናቴ ስልክ ደውዬ «ዛሬ ተቆጡኝ» ስላት ሳቀች፤ ገብቷታል።

የቤተ እስራኤል በዓላችንን፣ ስግድንም አትተወው። ከአስተስርዮ (ዮም ኪፑር) በኋላ በ50ኛው ቀን ስለሚውል እዚያ እያለች ይደርሳል። እኔ ለተማሪዎቹ ዳቦ ጋግሬ፣ ነጭ ለብሼ ነበር ያስተማርኩት። እስራኤል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በሕግ ብሔራዊ በዓል እንዳደረገችው የሚያውቅ ጥቂት ነው። ግን አንድ ሽማግሌ ተነስተው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ወገኖቻችን ሱዳን በረሃ ሲያልቁ እሳቸው ገንዘብ ይሰበስቡ እንደነበር ነገሩን። እኛ እዚያ ስንጠብቅ እነሱ ቶሮንቶ ሆነው ሲጮኹልን እንደነበር ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

ለስልኩ ቀን ይወስኑ። በእኛና በቶሮንቶ መካከል የ7 ሰዓት ልዩነት አለ። በብርዱ ወራት እዚህ ሰንበት ሲገባ እዚያ ገና ዓርብ ጠዋት ነው። እዚህ ሰንበት ሲወጣ ደግሞ እነሱ ገና ሰንበት ላይ ናቸው። እኔና እናቴ ሐሙስን ይዘን ነበር፤ አንድም ሐሙስ አላለፈንም።

የበረዶ ጫማ እዚያው ትግዛ፤ የእዚህ አገሩ አይችልም። በርበሬም አያሸክሟት። ዳንፎርዝ መንገድ ላይ የሐበሻ ሱቅ አለ። ኮሸር (የአይሁድን የምግብ ሕግ) ስለምጠብቅ ምግብ ቤት አልገባም፤ የጤፍ ዱቄት ገዝቼ እቤት እጋግር ነበር።

እኔ ብሆን እልካታለሁ። ከተመለስኩ ከሁለት ዓመት በኋላ አያቴ ሲያርፉ ያቺ ሴት ከቶሮንቶ ደወለች። ያስተማርኳትን ሁለት ቃል አልረሳችም። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችኝ።